እማዬ ሰብታይትል አታነብም

ባለፈው ሰኔ፣ አንድ እሁድ ማታ፣ እናቴን ዋሸኋት። አንዲት የጃፓን እናት ፊልም ውስጥ የተናገረችውን ነገር አለዝቤ ተረጎምኩላት። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከውስጤ አልወጣም። ሳህን ሳጥብ ትዝ ይለኛል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ልጻፈው።

የጀመርነው መስከረም ላይ ነው። እናቴ ጉልበቷ ሲያስቸግራት እኔ ጋ ገባች። ማታ ማታ ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ የሩቅ ምሥራቅ ፊልም እወዳለሁ፤ የጃፓን፣ የኮሪያ፣ የታይዋን፣ የሆንግ ኮንግ። ድሮ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ለብቻዬ ነበር የማየው። አንድ እሁድ እማዬ «ብቻሽን ምን ታያለሽ? እኔም ልይ እንጂ» አለችኝ። ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት። እሷ ሶፋው ላይ፣ እኔ ከእግሯ ሥር ምንጣፉ ላይ። ሰብታይትሉ፣ ከፊልሙ ሥር የሚወጣው የንግግሩ ትርጉም፣ በእንግሊዝኛ ነው፤ እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም። እኔ እያነበብኩ፣ ጮክ ብዬ ወደ አማርኛ እመልስላታለሁ። ዓመቱን እንዲህ ጨረስነው። መብራት ካልጠፋ በቀር እሁድ አልዘለልንም።

«ቻይና ነው?» አለች የመጀመሪያው ቀን።

«ጃፓን ነው፣ እማዬ።»

«ድብድብ አለው?»

«የለውም።»

ቅር አላት። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ለእማዬ የእነዚያ አገሮች ፊልም ማለት ወንድሜ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበር። ወንድሜ ለዳቦ የተሰጠውን ሳንቲም እዚያ ከፍሎ ይገባል። የብሩስ ሊንና የጃኪ ቻንን ፊልም አይቶ ሲመለስ የግቢውን በር በእርግጫ ነው የሚከፍተው። እማዬ ዳቦው የታለ ብላ ታባርረዋለች፤ እሱ እየዘለለ ያመልጣታል። ያ በር አሁንም አለ፤ ታች በኩል ጎድጉዷል። ወንድሜ ግን የለም። ሰባት ዓመት ሆነው። መኪና ነው የገጨው።

የቡና በርጩማ

መጀመሪያ ያየነው የያሱጂሮ ኦዙን «የቶኪዮ ታሪክ» ነው። በፈረንጆቹ 1953 የተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም። ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ኦኖሚቺ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተነስተው ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ቶኪዮ ይሄዳሉ። ልጆቹ ሥራ አለባቸው። ክፉ አይደሉም፤ ጊዜ የላቸውም እንጂ። የሚያደርጉላቸው ሲጠፋ ገንዘብ አዋጥተው አታሚ ወደሚባል የፍል ውሃ መዝናኛ ይልኳቸዋል። እዚያም ሌሊቱን ሙሉ ጫጫታ ነው፤ አይተኙም።

ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እማዬ አንድ ነገር አለች። «ካሜራውን መሬት ላይ ነው እንዴ ያስቀመጡት? ቡና ላይ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ የማይ መሰለኝ።»

ደነገጥኩ። ስለ ኦዙ የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ የሚያነሱት ነገር ነው። ካሜራውን ዝቅ አድርጎ፣ ምንጣፍ ላይ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ነበር የሚያቆመው። እኔ ይህን አንብቤ ነው ያወቅሁት። እሷ ግን በወገቧ ነው ያወቀችው። ዕድሜዋን ሙሉ ቤቷን ከዚያ ከፍታ ላይ ሆና አይታዋለችና።

የኦዙን ሰዎች እንደ ጎረቤት ነው የተቀበለቻቸው። ፀጉር ቤት ያላት ሴት ልጅ ደንበኛዋ «እነማን ናቸው?» ብላ ስትጠይቃት፣ የገዛ አባትና እናቷን ከገጠር የመጡ የሚያውቋቸው ሰዎች ናቸው ትላለች። ይህን ስተረጉምላት እማዬ አፏን ያዘች። «እናቷን?» አለች። የሟች ልጃቸው ሚስት ኖሪኮ ግን ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ከተማውን ታስጎበኛቸዋለች። ቤቷ አንድ ክፍል ነው። የምታቀርበው መጠጥ ስለሌላት ከጎረቤት ትበደራለች። «ልጃቸው ይቺ ናት» አለች እማዬ ወዲያው። አባትየው ይህንኑ ለኖሪኮ የሚነግራት ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው።

እናትየዋ ትሞታለች። ከቀብሩ በኋላ ማዕድ ላይ ያቺው ፀጉር ቤት ያላት ልጅ የእናቷን ቀሚስና መቀነት ለማስታወሻ ትጠይቃለች። «አፈሩ ሳይደርቅ» አለች እማዬ። ከዚያ ታናሽየዋ ልጅ ኖሪኮን ሕይወት ታሳዝናለች አይደል ትላታለች። ኖሪኮ ፈገግ ብላ «አዎ» ትላለች።

«ምን አለች?» አለችኝ እማዬ።

«አዎ ነው ያለችው።»

«እሱንስ አየሁት። ለምንድነው የምትስቀው?»

መልስ አልነበረኝም። ሰብታይትሉ ላይ አልተጻፈም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከፊልሙ ጋር ባይገናኝም። ኦዙ የሞተው በልደቱ ቀን፣ 60 ዓመት በሞላው ዕለት ነው፤ ታኅሣሥ 12 ቀን 1963 በፈረንጆቹ። መቃብሩ ካማኩራ ውስጥ ነው። ድንጋዩ ላይ አንድ ፊደል ብቻ ነው ያለው። ትርጉሙ «ምንም» ወይም «ባዶ» ነው። ለእማዬ ስነግራት ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ደግ አደረገ» አለች።

ድንኳን ውስጥ

የአኪራ ኩሮሳዋን የ1952 ፊልም፣ «መኖር»ን፣ ያየነው ኅዳር ላይ ነው። ዋታናቤ የሚባል የማዘጋጃ ቤት ሹም አለ። 30 ዓመት ያህል ወረቀት ላይ ማህተም ሲመታ ኖሯል። የጨጓራ ካንሰር ይይዘዋል። የሰፈር እናቶች ደግሞ የቆሸሸ ውሃ የተኛበት ቦታ ተደፍኖ ለልጆች መጫወቻ ይሁንልን ብለው ቢሮ ለቢሮ ይንከራተታሉ። ይህኛው ወደዚያ፣ ያኛው ወደዚህ ይልካቸዋል። እዚህ ጋ ለእማዬ መተርጎም አላስፈለገኝም። ከእኔ ቀድማ «ነገ ተመለሱ አላቸው» ትላለች። በየመስኮቱ።

ይህን ፊልም ከሌላው የሚለየው ነገር ዋናው ሰው መሐል ላይ መሞቱ ነው። የቀረው ረጅም ክፍል ለቅሶ ቤት ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ተቀምጠው እየጠጡ ስለ እሱ ይከራከራሉ። መናፈሻውን ማን ሠራው? አለቃው «እኔ ነኝ» ይላል። መሐል ላይ የሰፈሩ እናቶች ገብተው ምንም ሳይናገሩ አልቅሰው ይወጣሉ። አለቃው ከዚያ በኋላ መቀመጥ አይችልም። ማታ ሲመሽና መጠጡ ሲበዛ ሁሉም «ከነገ ጀምሮ እንደ ዋታናቤ እንሆናለን» ብለው ይምላሉ። በማግሥቱ ቢሯቸው ይገባሉ፤ ምንም አልተለወጠም።

እማዬ ይህን ክፍል ስታይ ሶፋው ላይ ወደፊት ጠጋ አለች። የኛ ድንኳን ነዋ። ካርታው ብቻ ነው የጎደለው። የወንድሜ ድንኳን ውስጥም ይህ ሁሉ ተብሎ ነበር። ከእንግዲህ ተሰብስበን እንጠያየቅ፣ ለቅሶ ላይ ብቻ አንገናኝ። ሰው ከልቡ ነበር የሚናገረው። ማንም አልዋሸም። ሣልስቱ ሲያልፍ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ።

ያኔ ይህን ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ። ላፕቶፑን ዘጋሁና እራት አቀረብኩ።

የማይነበበው

የዎንግ ካር-ዋይን «በፍቅር ስሜት ውስጥ» ጥር ላይ አየን። 2000 የወጣ ነው። ሆንግ ኮንግ፣ 1962። ጎን ለጎን ክፍል የተከራዩ ወንድና ሴት የትዳር ጓደኞቻቸው እርስ በርስ እንደሚማግጡ ይደርሱበታል። የሁለቱን ከዳተኞች ፊት ፊልሙ አያሳየንም። ጀርባ ወይም ድምፅ ብቻ ነው ያላቸው። ሴቲቱን የምትጫወተው ማጊ ቸንግ የምግብ ዕቃዋን ይዛ ጠባቡን ደረጃ ትወርዳለች፣ ትወጣለች። እማዬ ቀሚሶቿን ትቆጥር ጀመር፤ ስምንት ላይ ተወችው።

መጨረሻ ላይ ወንዱ፣ ቶኒ ሌውንግ፣ ካምቦዲያ፣ አንኮር ዋት ይሄዳል። ድሮ ሰው ምስጢር ሲይዘው ዛፍ ላይ ቀዳዳ ቆፍሮ፣ እዚያ አንሾካሹኮ፣ በጭቃ ይደፍነው ነበር ይባላል። እሱም የፍርስራሹ ግድግዳ ላይ ያለች ቀዳዳ አግኝቶ አፉን ያስጠጋል።

«ምን አለ?» አለችኝ እማዬ።

«አልተጻፈም፣ እማዬ። አይሰማም።»

«እሱ ሆድ ይፍጀው ብሏል ማለት ነው» አለችና ነጠላዋን አስተካከለች።

የኤድዋርድ ያንግ «ዪ ዪ» ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ለሁለት እሁድ ከፈልነው። ታይፔ ውስጥ ያለ የአንድ ቤተሰብ ኑሮ ነው፤ በሠርግ ተጀምሮ በቀብር ያልቃል። አያትየዋ ራሷን ስታ ትተኛለች። ሐኪሙ ቤተሰቡ እየተራ እንዲያናግራት ይመክራል። ልጇ በየቀኑ የምትነግራት ያው አንድ ዓይነት ነገር መሆኑን ስታውቅ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች፤ ኑሮዬ ይህችን ታክል ነው ወይ ብላ። ትንሹ የልጅ ልጅ ያንግ-ያንግ አያቱን ማናገር እንቢ ይላል። እሱ ካሜራ ይዞ የሰዎችን ማጅራት ነው የሚያነሳው። ራሳቸው ማየት ስለማይችሉ ላሳያቸው ብዬ ነው ይላል። ቀብሯ ላይ ግን ደብተር ይዞ ይቆምና ለአያቱ ያነብላታል። ላናግርሽ ያልፈለግሁት ጠልቼሽ አይደለም፤ የምነግርሽን ሁሉ ቀድመሽ የምታውቂው ስለመሰለኝ ነው ይላታል።

ይህን ስተረጉም ድምፄ ተሰበረ። እማዬ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። ለምን እንደተሰበረ አልጠየቀችም።

«ፓራሳይት»ን ደግሞ በአንድ ማታ ጨረስነው። እማዬ እጅግ ጎበዝ ፊልም ነው አለች፤ ሁለተኛ ማየት ግን አልፈለገችም። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል፤ አልጨምርበትም።

ግንቦት ላይ የሊ ቻንግ-ዶንግን የ2010 ፊልም አየን። ርዕሱ «ግጥም» ነው። ሚጃ የምትባል አያት መርሳት ይጀምራታል። ያኔ ነው ግጥም መጻፍ ለመማር የምትመዘገበው። አስተማሪው ፖም በእጁ ይዞ ፖም አይታችሁ ታውቃላችሁ ብሎ ይጠይቃል። አላያችሁም ይላቸዋል፤ በእውነት ካላያችሁት አላያችሁትም። ሚጃ የምታሳድገው የልጅ ልጇ ግን ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንዲት ተማሪ ላይ ክፉ በደል ሠርቷል። ልጅቷ ራሷን አጥፍታለች። የስድስቱ ወላጆች ለሟች እናት ካሳ አዋጥተው ነገሩን ሊዘጉት ይማከራሉ። ሚጃን ወደ እናትየዋ ይልኳታል። ሚጃ መንገድ ላይ የወደቁ ፍሬዎች ታያለች፤ አንስታ ትቀምሳለች። እርሻው ላይ ስትደርስ ስለ ፍሬው፣ ስለ አየሩ ደስ ብሏት ታወራለች። የመጣችበትን ረስታዋለች። ትዝ የሚላት ከተለያዩ በኋላ ነው።

እማዬ ከእርሻው ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ደክሟት ነው ብዬ አለፍኩት። ስለ ሟች እናት፣ ስለ ካሳ፣ ስለ ሽምግልና እየተረጎምኩላት፣ ማንን እያናገርኩ እንደሆነ አላሰብኩም። ዋናዋን ተዋናይት ዩን ጆንግ-ሂን በኋላ እውነትም የመርሳት በሽታ ይዟት 2023 ላይ እንደሞተች ነገርኳት። «ነፍሷን ይማር» ብላ ወደ መኝታዋ ሄደች።

ክር የምትሠራው እናት

ሰኔ ላይ የሂሮካዙ ኮሬ-ኤዳን «አሁንም መራመድ» ከፈትኩ። 2008 የወጣ ነው። ዳይሬክተሩ እናቱ ከሞተች በኋላ፣ እሷን እያሰበ ነው የሠራው። ስለ ምግብ ስለሆነ ደስ ይላታል ብዬ ነው የመረጥኩት። እውነትም ደስ አላት። እናትና ሴት ልጅ ካሮትና ነጭ ራዲሽ እየላጡ ያወራሉ። የበቆሎ ፍሬ ዘይት ውስጥ ሲንጣጣ ይሰማል። ምንም ነገር የሚሆን አይመስልም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ፤ ይህ ፊልም እንደዚያ ነው።

ቀስ ብሎ ነው የሚገባን። ቤተሰቡ የተሰበሰበው ለሙት ዓመት ነው። የበኩር ልጃቸው ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ባሕር ውስጥ የሚሰምጥ ልጅ አድኖ እሱ ቀርቷል። የዳነው ልጅ አሁን ወጣት ነው። በየዓመቱ ይጠሩታል። ወፍራም ነው፤ ያልበዋል፤ ተንበርክኮ መቀመጥ ያቅተዋል። ይቅርታ እያለ ያመሰግናል፣ እያመሰገነ ይቅርታ ይላል። ሲሄድ አባትየው ለእንዲህ ያለ ሰው ነው ልጄ የሞተው ብሎ ይናደዳል።

ማታ ታናሽየው ልጅ እናቱ ጋ ይመጣል። ቁጭ ብላ በመርፌ ክር ትሠራለች። ኪሪን ኪኪ ናት የምትጫወታት። ልጅየው ያ ልጅ ያሳዝናል፣ ከእንግዲህ ባንጠራውስ ይላታል።

መልሷ ሰብታይትሉ ላይ ወጣ። አነበብኩት። እና አፌ ላይ ደረቀ።

«ምን አለችው?» አለችኝ እማዬ ከላዬ።

«ይጠራ እንጂ... ሲመጣ ልጄ የመጣ ይመስለኛል ነው የምትለው» አልኩ።

ዝናብ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ይሰማል። ፊልሙ ቀጠለ። ጥቂት ቆይታ እማዬ፣

«እንደሱ አላለችም» አለች።

«እንዴት?»

«ክሯን እየሠራች እኮ ነው የተናገረችው። ደግ ነገር እንደዚያ አይወራም። ደግሞ ልጇን አየሽው? ደነገጠ። ልጄ የመጣ ይመስለኛል ብትለው ለምን ይደነግጣል?»

ፊልሙን አቆምኩት። ዞሬ አየኋት። አልተቆጣችም። ትጠብቀኝ ነበር።

ነገርኳት። ለዚህ እኮ ነው የምጠራው፤ የሚጠላ ሰው ከሌለ ሕመሙ ይብሳል፤ ያ ልጅ በዓመት አንድ ቀን ቢሠቃይ ግፍ አይሆንብኝም፤ ለሚመጣው ዓመትም እጠራዋለሁ። እንዲህ ነው ያለችው፣ አልኳት።

እማዬ ራሷን ነቀነቀች። አልገረማትም።

«ያ ሹፌር ሽማግሌ ይዞ የመጣ ቀን ትዝ ይልሻል?» አለችኝ።

ይለኛል። ቡና ያፈላሁት እኔ ነኝ። አምስት ሽማግሌዎች ነበሩ። ሹፌሩ ልጅ እግር ነው፤ ጋቢ ተከናንቦ እግሯ ላይ ወደቀ። እማዬ አነሳችው። «ይቅር ብያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበልህ» አለች። ሽማግሌዎቹ መረቁ። እሷ ራሷ እስከ በር ሸኘችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እናቴ ሰው ሲጠይቀኝ የምናገረው ይህንን ነው። እናቴ ጠንካራ ናት፣ ይቅር ብላለች።

«በር ላይ ስጨብጠው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለች እማዬ። «እና ደስ አለኝ። ሲንቀጠቀጥ ደስ አለኝ። ቶሎ አልለቀኩትም።»

ምንም አላልኩም።

«ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩት። ይቺ ሴት ግን ተናገረችው» አለችና ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመች። «በይ ልቀቂው።»

ለቀቅሁት። ፊልሙ መጨረሻ አካባቢ እናትና ልጅ የአንድ ሱሞ ታጋይ ስም ጠፍቷቸው ሲያስታውሱ ይቆያሉ። ለልጁ ስሙ ትዝ የሚለው አውቶቡስ ተሳፍሮ ከሄደ በኋላ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ትንሽ እንዘገያለን ይላል። ይህን በትክክል ተረጎምኩት። ቃል በቃል።

ማንን ነው የጠበቅሁት?

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናቴን እንዳይከፋት ብዬ ነው የዋሸሁት እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ሲነጋጋ ግን እውነቱ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። እሷ የሚከፋት ነገር አልነበረም። ያንን ዓረፍተ ነገር ከእኔ ቀድማ ታውቀዋለች። ሰባት ዓመት በሆዷ ይዛዋለች። መስማት የፈራሁት እኔ ነኝ። ይቅር ያለችው እናቴ እንዳትፈርስብኝ ፈርቼ ነው። እሷ ካልቻለችው እኔ እንዴት እችለዋለሁ?

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሁለታችንም እናውቅ ነበር ማለት ነው። ያን ቀን ሲኒ ሳቀርብ የሹፌሩን ፊት አላየሁም፤ አውቄ ነው ያላየሁት። ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ እማዬ ጓዳ ገብታ ረጅም ሰዓት እንደቆየች አስታውሳለሁ። በሩን አላንኳኳሁም። ሲኒ አጠብኩ።

የ«ፓራሳይት» ዳይሬክተር፣ ኮሪያዊው ቦንግ ጁን-ሆ፣ 2020 ላይ ሽልማት ሲቀበል የተናገረው ነገር አለ። የአንድ ኢንች ቁመት ያላትን የሰብታይትል አጥር ከተሻገራችሁ ስንትና ስንት ድንቅ ፊልም ይጠብቃችኋል አለ። ስሰማው በጣም ወድጄው ነበር። እኔ እኮ የተሻገርኩ ነበር የሚመስለኝ። አሁን ሳስበው ዓመታት ሙሉ የፊልሙን ታችኛውን ክፍል ሳነብ ነው የኖርኩት። ዓይኔ እዚያች መስመር ላይ ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ ይወርዳል። እማዬ የምታነበው ስለሌላት ሙሉውን ታያለች። እጅ ታያለች። ማን ማንን ቀና ብሎ እንዳላየ ታያለች። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል የሚባለው ለእሷ እውነት ነው። ለእኔ ዓይኔና ልቤ መሐል ጽሑፍ ነበር።

ከሰኔ በኋላ አያያዛችን ተለወጠ። አሁን ሁሉንም አልተረጉምም። ዝም እላለሁ። እሷ ስትፈልግ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ያለውን እነግራታለሁ። ብዙ ጊዜ አትጠይቅም። አንዳንዴ ትስታለች፤ የባልየውን ወንድም ባሏ ነው ብላ ፊልሙን ሙሉ ታያለች። አላርማትም፣ ካልጠየቀችኝ። ስለ ወንድሜም ማውራት ጀምረናል። ብዙ አይደለም። ስለ በሩ። ስለ ዳቦው ሳንቲም። ስለ ሹፌሩ አንድ ጊዜ ብቻ አነሳን። «ልጅ ወልዶ ይሆናል አሁን» አለች። ከዚያ ወሬ ቀየረች።

ጳጉሜን ሦስት ለሩፋኤል ዝናብ እየጣለ ነበር። እሁድ አልነበረም። እማዬ «ያቺን ክር የምትሠራዋን ክፈቺልኝ» አለች።

ከፈትኩላት። ሰብታይትሉን አጠፋሁት። ከምንጣፉ ተነስቼ አጠገቧ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ካሮቱ ተላጠ። በቆሎው ተንጣጣ። ወፍራሙ ልጅ መጥቶ ላበው፣ ሄደ። ማታ ሆነ። ልጅየው እናቱ ጋ መጣ፤ ጠየቃት። እሷም ክሯን እየሠራች መለሰች።

እማዬ አብራት ተናገረች። በአማርኛ፣ በራሷ ቃል፣ ለቴሌቪዥኑ። እኔ ከነገርኳት ይረዝማል፤ የወንድሜም ስም ነበረበት።

ስትጨርስ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች።

«ድምፁን ጨምሪልኝ» አለችኝ።

ጃፓንኛ አታውቅም። ጨመርኩላት።